የምትተርፈው ባቄላ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ብላችሁ አትመልሱልኝ። ዛሬ ላምም በረትም የለም። ዛሬ ያለው አጥር ነው፤ ከአጥሩ ወዲህ ድግስ፣ ከአጥሩ ወዲያ አንድ ሰው። ጠጋ በሉና ስሙ።

በድሮ ጊዜ ባያብል የሚባል ባለጸጋ ገበሬ ነበረ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ መቁጠር ይወድ ነበር እንጂ። በግ ሲገባ ይቆጥራል፤ ዶሮ ሲሰፍር ይቆጥራል። ልጁን የሻረግን ብቻ መቁጠር አላስፈለገውም፤ አንድ ነበረች።

ከለታት አንድ ቀን የሻረግን ንዳድ ያዛት። ባያብል «ቅዱስ ሚካኤል፣ ልጄን ብትምርልኝ በዕለትህ አርባ ነዳያን አበላለሁ» ብሎ ተሳለ። ልጅቱ ዳነች። እሱ ግን «ዘንድሮ እህሉ ቀጠነ፣ ለከርሞ ይሁን» አለ። ከርሞ ሲመጣ ንዳዱም ተመልሶ መጣ። ባያብል ይኼኔ ደነገጠ። ዳቦ አስደፋ፣ ጠላ አስጠመቀ፣ በግ አረደ።

የነፍስ አባቱ አባ ምናሴ መጡና፣

«ልጄ፣ የተሳልከው አርባ ነው። አርባው ባንድነት ተቀምጠው ካላየሁ አልመርቅም። ፀሐይም ሳትጠልቅ ይሁን» አሉት።

ባያብል ከደጁ ቆሞ ድሆቹን አንድ በአንድ አስገባ። እግሩ የቆሰለ ጎሹ የሚባል ሰው እየዳኸ ሲመጣ ግን አፍንጫውን ያዘ።

«አንተ እዚያው ቆይ። ሰው በሚበላበት ቁስል አይቀርብም» አለው።

በጎሹ ፈንታ ሌላ ድሃ አስገባና አርባ ሞላ። ጎሹም ከአጥሩ ጀርባ ሄዶ ተጋደመ።

ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። አባ ምናሴ ለምርቃት ተነሡ። ባያብል አርባ የባቄላ ፍሬ በእፍኙ ይዞ በተቀመጠው ሰው ፊት አንዳንድ እያኖረ ዞረ። ዞሮ ሲጨርስ አንዲት ባቄላ መዳፉ ላይ ቀረች።

«ሠላሳ ዘጠኝ ነው» አሉ አባ ምናሴ። ተመልሰው ተቀመጡ።

ባያብል ግራ ገባው። አርባ ሰው በገዛ እጁ አስገብቷል። ከጓዳ ደግሞ የሻረግ በደከመ ድምፅ ጠራችው።

«አባባ፣ ከአጥሩ ወዲያ የሚያቃስተው ማነው? እንቅልፍ ነሳኝ።»

«ነፋስ ነው ልጄ» አላት።

ወደ መንገድ ሮጦ አንድ ለማኝ ይዞ መጣ። አስቀመጠው፣ ባቄላውን ሰበሰበ፣ እንደገና ዞረ። አንዲት ባቄላ መዳፉ ላይ ቀረች።

ባቄላውን ራሱን ቆጠረው። አርባ ነው። ዓይኑን ጠራረገ። «ሰይጣን ነው የሚጫወትብኝ ወይስ አርጅቻለሁ?» ብሎ አሰበ። ከጓዳ የሻረግ ጠራችው።

«አባባ፣ አሁንም ያቃስታል።»

«ነፋስ ነው አልኩሽ።»

ሁለተኛ ሮጠና አንዲት መበለት ይዞ መጣ። አስቀመጣት፣ ባቄላውን ሰበሰበ፣ ዞረ። አንዲት ባቄላ መዳፉ ላይ ቀረች።

አሁን የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ሰው ሲጨምር ሰው የማይጨምርበት ምን ዓይነት ቤት ነው? ፀሐይዋ ወደ ተራራው ወርዳለች። የሻረግ ለሦስተኛ ጊዜ ጠራችው።

«አባባ፣ ነፋስ ውሃ ይለምናል እንዴ?»

ባያብል ከድሆቹ መካከል ከአጥሩ ሥር ወደተቀመጠችው ዓይነ ስውር አሮጊት ወደ ዘርፌ ጠጋ አለ።

«እማማ ዘርፌ፣ ማነው የሚጎድለኝ?»

«እኔ ዓይን የለኝም፤ ዓይን ያለህ አንተ ነህ» አለች ዘርፌ። «ግድ የለም፣ እጄን ያዝና ተከተለኝ።»

ዕውሯ ዓይናማውን መርታ በአጥሩ ሽንቁር ይዛው ወጣች። ከወዲያ ጎሹ ተጋድሟል። አንዱ ድሃ ዳቦ ያጎርሰዋል። ሌላው በቅል ውሃ ያጠጣዋል። አንዲት ሴት ነጠላዋን ቀድዳ እግሩን ታስራለች።

«መጀመሪያ ስትቆጥር ዳቦ የያዘው ወጥቶ ነበር» አለች ዘርፌ። «ሁለተኛ ስትቆጥር ውሃ የያዘው ተጨመረ። ሦስተኛ ስትቆጥር ቁስል የምታስረው ተጨመረች። አንተ አንድ ባመጣህ ቁጥር እኔ አንድ እልካለሁ።»

«ቤቴ ሞልቶ ሳለ ለምን ተደበቃችሁ?»

«ብንጠይቅህ ትከለክለናለህ። ከድስትህ ብንወስድ ሌባ ትለናለህ። እና ከየድርሻችን ቆረስን። አንተ ራስ ስትቆጥር እኛ ሆድ ቆጠርን።»

ባያብል አፈረ። በርከክ አለና ጀርባውን ለጎሹ ሰጠ።

«ጀርባዬ ላይ ውጣ ወንድሜ» አለው።

«ጌታው፣ ጋቢህን አበላሽብሃለሁ» አለ ጎሹ።

«ይበላሽ።»

አዝሎት ገባ። የቁስሉ መግል በነጭ ጋቢው ላይ ወረደ። በገዛ መደቡ ላይ አስቀመጠው፣ እግሩን አጠበው፣ ከዳቦው አውራውን ቆርሶ አጎረሰው። ሦስቱም ከዘርፌ ጋር ተከትለው ገብተው ከቦታቸው ተቀመጡ።

አባ ምናሴ «በል አሁን ቁጠር» አሉት።

ባያብል ባቄላውን ሰብስቦ ዞረ። ገና ሦስት ሰው ሲቀረው እጁ ባዶ ሆነ። እስካሁን ሰው እያለቀ ባቄላ ይተርፍ ነበር፤ አሁን ባቄላ አልቆ ሰው ተረፈ። ግራ ተጋብቶ አባ ምናሴን አያቸው።

«አባ፣ አሁን ደግሞ በዛ። ምን ላድርግ?»

«መቁጠሩን ተው» አሉና መስቀላቸውን አንሥተው መረቁ።

ምርቃቱ ሲያልቅ ባያብል ወደ ጓዳ ገባ። የሻረግ አልጠራችውም። ግንባሯን ቢነካው ላብ አጥምቋታል፤ ንዳዱ ለቋት እንቅልፍ ወስዷታል። እዚያው አጠገቧ ቁጭ ብሎ በቆሸሸው ጋቢው ዓይኑን አበሰ። ጋቢውን ሰዎች «እጠበው» ቢሉት ብዙ ቀን እምቢ አለ ይባላል። ከዚያ ወዲህ በሚካኤል ዕለት ደጁ ላይ ቆሞ የሚመርጥ ሰው አልነበረም።

ለዚህ ነው «መርጦ የመጸወተ፣ ቢቆጥር አይሞላለት» የሚባለው።

እንግዲህ ተረቴን መልሱ። አፌን በዳቦ አብሱ አልላችሁም፤ እኔ በልቻለሁ። ዳቦው ካለ መጀመሪያ ከአጥሩ ወዲያ ማን እንዳለ እዩ።