የጋሽ ይርዳው ድምፅ የታፈነበት ሳጥን

ላውጋችሁ? «አውጊ» በሉ። ሥራ ያለው ሥራውን ይዞ ይጠጋ፤ ሽንኩርት መክተፍ ጆሮ አይከለክልም።

በሽቅብ ሰፈር ድንቅነሽ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ጋሽ ይርዳው የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ነበር። ያኔ እሱ ሲነፋ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይነሣል፤ «ያልሰማህ ስማ!» ሲል የወንዝ ማዶ ሰው ጋቢውን ይፈልጋል። እንዲያ ያለ ጉሮሮ ዛሬ የት አለና! ካረፈ ሦስት ዓመቱ። ድምፁ በአንዲት ካሴት ቀርቶ ነበር። ካሴቷ ልትበጠስ ስትል ቪዲዮ ቀራጩ ሽመክት ወደ ሰርቨሩ ገለበጠላት። ሰርቨር የሚሉት የሰፈሩን ሠርግና ክርስትና ሁሉ በሆዱ የያዘ የብረት ሳጥን ነው። ድንቅነሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ትሄዳለች፣ አንድ ጊዜ ትሰማለች፣ ዓይኗን ጠርጋ ትመለሳለች።

ሐምሌ ላይ መብረቅ ወረደ። አምፖሉ ሁሉ ከልኩ በላይ ቦግ አለና ድርግም። በነጋው ቅዳሜ ነበር።

«ሽመክት፣ ጋሽህን አሰማኝ።»

«እትዬ፣ ሰርቨሩ አልነሣ አለ።»

ሶኬት ቀይሯል፣ ገመድ ቀይሯል። ቁልፉን ቢጫን መብራት የለ፣ ማራገቢያው አይዞር። ከኋላው ቢያሸት የተቃጠለ ነገር ሸተተው።

«ድምፁ ያለበት ዲስክ ደኅና ይመስለኛል» አላት። «የተቃጠለው ኃይል የሚያጎርሰው ክፍል ነው፣ ፓወር ሰፕላዩ። አሮጌ ስለሆነ ገበያ ላይ አይገኝም። መንትያው ግን እትዬ ማንጠግቦሽ ጋ አለ፤ ቴሌቪዥን ማስቀመጫ ብዬ በሰጠኋት አሮጌ ሰርቨር ሳጥን ውስጥ።»

«ፍጠን እንጂ፣ ልጄ። ትናንት ድምፁን በልቤ ልጥራው ብል እምቢ አለኝ።»

ዳገቱን ወጥታ ማንጠግቦሽ ዘንድ ሄደች።

«አልሰጥም!» አለች ማንጠግቦሽ፣ ቴሌቪዥኑን ሊወስዱባት የመጡ ይመስል ታቅፋ። «ወዳጄ አበባየሁ ስትቀበር ማን ነገረኝ? አፈር ከለበሰች በኋላ ሰማሁ። የዕድሩ ዳኛ ደግሞ በሰው ፊት ‹ቀብር የምትቀሪ› አሉኝ። በሰው ፊት ይቅርታ ካላሉኝ ሳጥኑ ንቅንቅ አይልም!»

ማንጠግቦሽ ሳጥን አልሰጥም አለች፣ ሽመክት ያለ ሳጥን አልጠግንም አለ፣ ሰርቨሩ ሳልጠገን አልነሣም አለ፣ የይርዳውም ድምፅ ታፍኖ ዋለ።

ድንቅነሽ ወደ ዳኛው ወደ ሻምበል ደምሰው ወረደች።

«ይቅርታ? እኔ?» አሉ ሻምበል፣ ሪዛቸውን እየጠመዘዙ። «አንዳርጌ በየበሩ ዞሬ ለፍፌያለሁ ብሏል። እሱ አልደረስኩም ይበል፣ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

ሻምበል ይቅርታ አልልም አሉ፣ ማንጠግቦሽ ሳጥን አልሰጥም አለች፣ ሽመክት ያለ ሳጥን አልጠግንም አለ፣ ሰርቨሩ ሳልጠገን አልነሣም አለ፣ የይርዳውም ድምፅ ታፍኖ ዋለ።

አንዳርጌ በይርዳው እግር የተተካው ለፋፊ ነው። ብስክሌት ሲጠግን አገኘችው። አንገቱን ደፋ።

«እትዬ፣ ላንቺ አልዋሽም። የምዞረው በአፌ እየጮህኩ ነው። የዚያን ዕለት ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ ዳገቱን ሳልወጣ ተመለስኩ። ግን በሰው ፊት አላምንም! ጡሩምባ ሳይኖረኝ ጡሩምባ ነፊ ብለው ሾሙኝ። ጡሩምባው ይምጣ፣ ያን ጊዜ አምናለሁ።»

ድንቅነሽ «ጡሩምባው የታለ?» አላለችም። የት እንዳለ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። እሷው ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከይርዳው ካፖርት ጎን፣ በነጭ ሻሽ ተሸፍኖ ተሰቅሏል። ዕድሩ ሁለቴ ሽማግሌ ላከባት፤ ሁለቴም ሻይ አጠጥታ ባዶ እጃቸውን ሸኘቻቸው።

ቤቷ ገባች። ሻሹን ገለጠች። የይርዳው ከንፈር ያረፈበት ቦታ መዳቡ ሳስቷል። ጣቷን አሳረፈችበትና ብቻዋን ማውራት ጀመረች።

«እኔ ጡሩምባ አልሰጥም አልኩ፣ አንዳርጌ ያለ ጡሩምባ አላምንም አለ፣ ሻምበል ይቅርታ አልልም አሉ፣ ማንጠግቦሽ ሳጥን አልሰጥም አለች፣ ሽመክት ያለ ሳጥን አልጠግንም አለ፣ ሰርቨሩ ሳልጠገን አልነሣም አለ፣ ያንተም ድምፅ ታፍኖ ቀረ። ለካ ያፈንኩህ እኔ ነኝ፣ ይርዳው!»

ሻሹን አጣጥፋ አስቀረች፤ ጡሩምባውን ይዛ ወጣች።

ከዚያማ ምን ቀረ! ድንቅነሽ ጡሩምባ ሰጠች፣ አንዳርጌ በዕድርተኛው ፊት አመነ፣ ሻምበል ሪዛቸውን ለቀው ይቅርታ አሉ፣ ማንጠግቦሽ ቴሌቪዥኗን አንሥታ ሳጥኑን ሰጠች፣ ሽመክትም ኃይል አጉራሹን ከመንትያው ፈቶ ገጠመው።

ሰርቨሩ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ አለና ዝም።

ድንቅነሽ ወደ ሳጥኑ ተጠጋች። «በከንቱ ሰጠሁት እንዴ?»

«ቆይ፣ እትዬ። መጮኹም ጥሩ ነው፣ የጠፋውን እየነገረኝ ነው።» ሽመክት ጣት የሚያካክሉትን የሰርቨሩን ማስታወሻ ሰሌዳዎች፣ ሜሞሪዎቹን፣ አራቱንም ነቀለ። ጥርሳቸውን በተማሪ ላጲስ ፈተገ፣ አንድ እየሰካ አንድ እየሞከረ ሄደ። ሦስተኛው ተቃጥሎ ኖሯል፤ ወዲያ ጣለው። ቁልፉን ተጫነ። ማራገቢያው ፉር ብሎ ዞረ።

«ያልሰማህ ስማ! የሰማህ አሰማ!» አለ ይርዳው።

«ሰማን፣ ሰማን!» አለች ማንጠግቦሽ፣ ሳጥኔ ምን ሆነ ብላ መጥታ በር ላይ ቆማ። ከዳገቱም አናት ጡሩምባው መለሰ። አንዳርጌ ነው፤ የዕድሩን ስብሰባ ይጠራል፣ ዛሬ አንድም በር አልዘለለም።

ይርዳው በሳጥኑ ውስጥ ሳል ያዘው። ካሴቷ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜም የሚላት አንዲት ነገር አለች። «ድንቄ፣ ውኃ አቀብይኝ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ።»

ሌላ ቅዳሜ እዚህ ላይ ታለቅስ ነበር። ዛሬ ግን ተነሣች፤ በጣሳ ውኃ ቀዳችና፣ ጡሩምባውን በብብቱ ይዞ እያለከለከ ዳገቱን ለሚወርደው አንዳርጌ ደጅ ወጥታ አቀበለችው።

እኔ ይህን አወጋሁ፤ የሰማችሁ ላልሰማ አሰሙ።