የፋጉሎው ቅርጫት

አንድ ሰው ነበረ። ቆይ ሳህሉ፣ ጥያቄህን አልዘለልኩትም! ፕሮግራምህ ሌላ ፕሮግራም አስነስቶ ውጤቱን ሲቀበል ከርሞ፣ ድንገት ሁለቱም ድርቅ ብለው የሚቀሩት ለምንድን ነው ብለህ ነው የጠየቅከኝ። እንዴት ደስ የሚል ጥያቄ መሰለህ! መልሱ ያለው ዘይት ጨማቂ ቤት ነውና ኮምፒውተርህን ክደነውና ስማኝ።

ሰውየው ገበሬ ነበረ። አባቱ ሞተውበት ተዝካራቸው በነቢያት ጾም ዋለ። በጾም ወጥ የሚሠራው በዘይት ነው፤ ዘይት ከሌለ ድግስ የለም። ስለዚህ በዋዜማው ማለዳ ኑጉን በአህያው ጭኖ ወደ አንድ ጨማቂ ሄደ።

ይህ ጨማቂ በሩን ዘግቶ ነበር የሚሠራው። ግድግዳው ሁለት ቀዳዳ አለው። በአንዱ ዘይቱ ወደ ገንቦ ይወርዳል፤ በሌላው ፋጉሎው፣ ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው የኑጉ አሰር ማለት ነው፣ ወደ ቅርጫት ይገፋል። ጨማቂው የሰው ንብረት መሬት ላይ አያፈስም። ገንቦው ወይም ቅርጫቱ ከሞላ መጭመቂያውን አቁሞ፣ ባለቤቱ እስኪያነሳለት ቁጭ ይላል። ሥራ ላይ ደግሞ ቢሞት አይናገርም፤ «ዘይት ወሬ ሲሰማ ይሸሻል» ባይ ነው። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል።

ገበሬውም ያውቃል። ግን ልቡ ያለው ዘይቱ ላይ ነው። «ፋጉሎውን ሁሉም ሲያልቅ አነሳዋለሁ» ብሎ ገንቦው ሥር ተቀመጠ። አንዱ ገንቦ ሲሞላ ሌላ እየተካ ደስ ብሎት ሳለ ዘይቱ ቀጥ አለ። ጠበቀ። ጠብ የሚል ነገር የለም። «የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» ብሎ ራሱን አጽናና።

ተረቱስ እውነት ነው፤ ሁለቱም ሲታገሡ ግን ማን ይውለድ? ውስጥ ያለው ጨማቂ «አሁን ቅርጫቱን ያነሳልኛል» ብሎ ቁጭ ብሏል። ውጭ ያለው ገበሬ «አሁን ጨርሶ ይወጣል» ብሎ ቁጭ ብሏል። ሁለቱም ጨዋ፣ ሁለቱም ጥፋት የሌለባቸው! እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ይኸ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ታላቅ እህቱ እያለከለከች መጣች።

«አንተ ልጅ! እንግዳው ከሩቅ አገር እየገባ ነው፤ ዘይቱ የታል?»

«ጨማቂው ሳይጨርስ ምን ላድርግ፣ እታለም?»

«እንዲህ ተጎልተህ የአባባን ተዝካር ልታዋርደው ነው?»

ገበሬው ዓይኑ እንባ አቀረረ።

በዚህ መሀል አህያው! ጠዋት ከተራገፈ ጀምሮ አንዳች ያልቀመሰው አህያ ገመዱን በጥሶ፣ አፍንጫውን ፋጉሎው ውስጥ ቀበረ። ገበሬው ብስጭቱን የሚወጣበት አገኘና ዱላውን አነሳ። ዱላው ሳያርፍ መጭመቂያው ሲጥ አለ። ጨማቂው ቅርጫቱ መጉደሉን በቀዳዳው አይቶ ሥራውን ቀጥሎ ኖሯል! ዘይቱም ገንቦው ውስጥ መንቆርቆር ጀመረ።

ገበሬው ዱላውን ጣለ። «እታለም፣ አንቺ ፋጉሎውን እያነሳሽ ጠብቂ፣ እኔ ዘይቱን!» አለ። ከዚያ በኋላ መጭመቂያው አንድ ጊዜም አልቆመም፤ ጀንበር ስትጠልቅ የተዝካሩ ሽንኩርት በዘይት ይንጨረጨር ነበር።

እንግዲህ ሳህሉ፣ ገበሬው ያንተ ፕሮግራም ነው፤ ጨማቂው አንተ ያስነሳኸው። እሱም ሁለት መውጫ አለው፤ አንዱ ለውጤቱ፣ አንዱ ለስህተት መልእክቱ። ሁለቱም መውጫ ቅርጫታቸው፣ ጽሑፉ እስኪነበብ የሚጠራቀምባት ቦታ ማለቴ ነው፣ ትንሽ ናት። አንተ ውጤቱን ብቻ እያነበብክ የስህተቱን «በኋላ» ስትል፣ ያቺ ቅርጫት ትሞላለች፤ እሱ እስክታነሳለት ይቆማል፣ አንተ እስኪጨርስልህ ትቆማለህ። ስህተት የማይናገረውም ለዚህ ነው፤ መናገሪያው እኮ ያ የሞላው ነው! ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚያነቡ ሁለት እጆች መድብ። የማትፈልገውንም ከመነሻው ወደ መጣያ እንዲፈስ እዘዝ። ጨርሷል ወይ ብለህ መጠበቁ ከዚያ በኋላ ይሁን።

በል ተነስ፣ አሁኑኑ አስተካክለው! ገበሬውን አህያው አወጣው፤ ኮምፒውተርህ ውስጥ ግን አህያ የለም።