ሼህ ሙዘሚል ዋጋ የተናገሩ ቀን

የከተማዋን ስም አልነግራችሁም፤ ታሪኩን ያወሩኝ ሰዎችም አልነገሩኝም። አጥሯ የድንጋይ፣ መንገዷ ጠባብ፣ መስጂዶቿ ከሱቆቿ የሚበዙ አሮጌ ከተማ እንደነበረች ብቻ እወቁልኝ። በዚያች ከተማ ሼህ ሙዘሚል የሚባሉ ኪታብ ጠራዥ ይኖሩ ነበር። ገጹ የተበታተነ የቁርኣን ሙስሐፍ፣ ጀርባው የተገነጠለ ኪታብ፣ አይጥ የቀመሰው የዱኣ መጽሐፍ፣ የሁሉም መዳረሻ የእሳቸው በረንዳ ነው። ቅጠሉን በቅጠል ላይ ደርድረው፣ በሰም በታሸ ክር ሰፍተው፣ ቀይ ቆዳ አልብሰው ሲመልሱት ባለቤቱ የራሱን ኪታብ መለየት ያቅተው ነበር ይባላል።

ሼሁ ለዚህ ሁሉ ድካማቸው ዋጋ ጠርተው አያውቁም። በረንዳው ላይ የሚቀመጡባት አንዲት የበግ አጎዛ ነበረቻቸው። ሥራውን የሚረከብ ሰው የአጎዛዋን ጫፍ ገለጥ አድርጎ የፈቀደውን ያስቀምጥና ሰላምታ ሰጥቶ ይሄዳል። እሳቸው ዞር ብለው አያዩም። ከመግሪብ በፊት ባለቤታቸው እመት ሩቂያ አጎዛዋን አንስተው የተገኘውን ይሰበስባሉ። ማን ምን እንዳስቀመጠ አይታወቅም። የከተማው ሰው ይህን አውርቶ አይጠግብም። «ሼህ ሙዘሚል እኮ በአፋቸው ገንዘብ ጠርተው አያውቁም» እየተባለ እስከ ጎረቤት አገር ተወራ። ሼሁም ይሰማሉ፤ ሰው ናቸውና ደስ ይላቸዋል። ይህችን ደስታ ልብ በሉልኝ። እኔ ራሴ እሷን ልብ እስክል ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

አላህ በሻው ጊዜ የሻውን ይወስዳል። ሼሁ ስልሳ አምስት ዓመት ሲያልፋቸው ሞራ ዓይናቸውን ጋረደው። መጀመሪያ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ማሾለክ አቃታቸው፤ ቀጥሎ መስመሩ ይጠምምባቸው ጀመር፤ በመጨረሻ የሰውና የግድግዳ ልዩነት እንኳ ጥላ ብቻ ሆነ። የሰው ኪታብ አበላሽቶ ከመመለስ ይሻላል ብለው ሥራውን አቆሙ። ሥራው ሲቆም ከአጎዛዋ ስር የሚገኘውም ቆመ። እመት ሩቂያ ለማንም ሳይናገሩ መጀመሪያ ቁርሱን፣ ኋላ ምሳውን ቀነሱ።

አንድ ጠዋት ግን ተናገሩ።

«ሼሁ፣ እጅዎ ያውቃል። ዓይን ቢሄድ እጅ አልሄደም። ያስተምሩ።»

«ሳስተምር ነው የኖርኩት» አሉ ሼሁ። «ከአንድ ሰው እንኳ ሰባራ ሳንቲም አልወሰድኩም።»

«ያስተማሩት ቁርኣን ነበር። እሱን አሁንም ለአላህ ብለው ያስተምሩ። መርፌው ግን መርፌ ነው። እርስዎ ሲያልፉ ይህች ከተማ ጠራዥ የላትም፤ ከዚያ በፊት ደግሞ እኛ በረሀብ እናልፋለን።»

ሼሁ ኢማሙን ጠየቁ። ኢማሙም «የእጅ ሙያ አስተምሮ ዋጋ መቀበል ሐላል ነው፤ ማን ሐራም አለ?» አሏቸው። እንግዲህ ሌላ ሰበብ አልቀረም። በሚቀጥለው ሳምንት ከዐስር ሶላት በኋላ ስድስት ሰዎች በረንዳው ላይ ተሰበሰቡ። አምስቱ ወንዶች ናቸው፤ ከነሱ አንዱ የከተማው ትልቅ ነጋዴ የሐጂ አደም ልጅ ሙርሰል ነው። ስድስተኛዋ ዘይነባ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ቆዳ ፋቂ ነበር፤ ሞቶ ሁለት ልጆች ጥሎባታል። ፋቂዎች በቆዳው ሽታ ምክንያት ከወንዙ ማዶ ለብቻቸው ነው የሚኖሩት፤ ሰውም ብዙ አያቀርባቸውም። ዘይነባ ከእመት ሩቂያ አጠገብ ጥግ ይዛ ተቀመጠች።

ሙርሰል ጠየቀ። «ሼሃችን፣ ስንት እንክፈል?»

በሕይወታቸው ሙሉ ማንም ይህን ጠይቋቸው አያውቅም። ሼሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቁጥር ሊወጣ አፋቸው ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«ያላችሁን» አሉ። «አጎዛዋን ታውቋታላችሁ።»

ሁሉም በአድናቆት «ማሻአላህ» አሉ። ሼሁም እፎይ አሉ። እንደተገላገሉ መስሏቸዋል።

ትምህርቱ ተጀመረ። ሼሁ የተማሪዎቻቸውን ስፌት በዓይን ማየት ስለማይችሉ የተሰፋውን ጥራዝ ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ጀርባውን ይዳብሱታል። የሙርሰል ስፌት ይሰበሰባል፤ የሌላው ይላላል፤ የሦስተኛው እዚህ ይጠብቅና እዚያ ይለቃል። አንዱ ጥራዝ ግን ጣታቸው ስር ቀጥ ብሎ ሲሄድ «ይህ የማን ነው?» ይላሉ። ሁልጊዜም የዘይነባ ነው። ሼሁ በዚህ በጣም ደስ አላቸው። ከአላህ ዘንድ የተላከችልኝ ወራሽ ይህች ናት እያሉ ለባለቤታቸው አወሩ።

ከትምህርት በኋላ ተማሪዎቹ ተራ በተራ አጎዛዋን ገለጥ እያደረጉ ያስቀምጣሉ። ሙርሰል ሲያስቀምጥ የሳንቲሙ ድምፅ በረንዳው ዳር ድረስ ይሰማል። አመሻሽ ላይ እመት ሩቂያ የተገኘውን ሲለቅሙ አንዲት የተቋጠረች ጨርቅ አገኙ። ቢፈቱት ባዶ። በማግሥቱም ሌላ ቋጠሮ፤ እሱም ባዶ። በሦስተኛው ቀን እንዲሁ።

«አንዱ እየቀለደብን ነው» አሉ እመት ሩቂያ ተቆጥተው።

ሼሁ ሳቁ። «ልጆች ናቸው፤ ተያቸው።»

በአራተኛው ቀን ቋጠሮው አልተገኘም። ሼሁም በዚያ ቀን ጥራዞቹን አንድ በአንድ ሲዳብሱ ቀጥ ያለውን ስፌት አጡት። «ዘይነባ የት አለች?» አሉ። አልመጣችም አሏቸው። ያ ቋጠሮ የማን እንደነበረና ለምን ባዶ እንደነበረ ያኔ ገባቸው። ሴትዮዋ አልቀለደችም። ሰው እያያት እጇን ባዶ ማስገባት አፍራ ጨርቅ ቋጥራ ነው የምትመጣው።

በማግሥቱ ከፈጅር በኋላ እመት ሩቂያ እጃቸውን ይዘው መሩዋቸውና ወንዙን ተሻገሩ። ዘይነባ ሼሁን ደጃፏ ላይ ስታይ በድንጋጤ የምትቀመጥበትን አነሳችና አነጠፈችላቸው።

«ልጄ፣ አፉ በይኝ» አሉ ሼሁ ገና ሳይቀመጡ። «ተቸግረሽ እንደነበር አላወቅሁም።»

ዘይነባ አንገቷን ደፋች። ከዚያ እንዲህ አለች፤ «ሼሃችን፣ ችግሩንስ ለምጄዋለሁ። የከበደኝ ሌላ ነው። ይህን ያህል አምጪ ቢሉኝ ኖሮ ወይ ጥጥ ፈትዬ አመጣ ነበር፣ ወይ አልችልም ብዬ ቤቴ እቀመጥ ነበር። እርስዎ ግን ያለሽን አሉኝ። አንድ ቀን እፍኝ ማሽላ ይዤ መጣሁ። የሙርሰልን ሰማሁና ይዤው ተመለስኩ። ምን ያህል ቢሆን እንደሚበቃ በምን ልወቅ?»

ሼሁም «እንግዲያው ካንቺ ምንም አልፈልግም። በነጻ ተማሪ» አሉ።

«አላህ ይስጥልኝ። ግን እንደሱ አይሆንም» አለች። «ነገ ሙያው እጄ ሲገባ ሰው በምጽዋት ያገኘችው ነው ይላል። ልጆቼም ይሰሙታል። እንደ ሰው ከፍዬ ልማር። ዋጋውን ይንገሩን።»

ሼሁ «ዛሬ ከዐስር በኋላ እናገራለሁ። መጥተሽ ስሚ» ብለዋት ተነሱ።

መንገድ ላይ ባለቤታቸውን «ለአንድ ሳምንት ስንት ጣሳ እህል ይበቃናል?» ብለው ጠየቁ።

«እንግዳም እንዳለ ነው፤ ጨውና ዘይትም ከእሱ ተሸጦ ነው። አሥራ ሁለት» አሉ እመት ሩቂያ።

«ስድስት ሰው ናቸው። ሁለት ሁለት ጣሳ መሆኑ ነው።» ትንሽ እንደሄዱ ሼሁ ቆሙ። «ሁለት ለዘይነባ ቢከብዳትስ? አንድ ልበል ይሆን?»

«አንድ ካሉ እኛ እንራባለን፤ እርስዎ ደግሞ እንደገና ይመሰገናሉ» አሉ እመት ሩቂያ። «እውነቱን ይናገሩ ሼሁ። እውነቱ ሁለት ነው።»

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እንዲህ ያለች የትዳር ጓደኛ አላህ የሰጠው ሰው አልሐምዱሊላህ ይበል። ሼሁ በልባቸው ብለዋል።

ዐስር ተሰግዶ ተማሪዎቹ ተሰበሰቡ። ወሬው ቀድሞ ደርሶ ኖሮ የሙርሰል አባት ሐጂ አደምም መጥተዋል። ሼሁ አጎዛዋ ላይ አልተቀመጡም፤ ቆሙ። እንዲህም አሉ፤ «የዚህ ትምህርት ዋጋ በየጁምዓው ሁለት ጣሳ ማሽላ ነው። ከሁለት የበለጠ ከማንም አልቀበልም። የሚያንስም አልጠብቅም።»

ሼሁ ዘይነባ ትምጣ አትምጣ አላዩም። ያች ሴት ሁለቱን ካልቻለች ቤቷ ድረስ የሄዱት በሩን ጨርሶ ሊዘጉባት ሆነ ማለት ነው። ጆሯቸውን ወደ በሩ አቀኑ።

መጀመሪያ የተሰማው የሐጂ አደም ድምፅ ነበር።

«ሼሃችን፣ ይቅር ይበሉኝና ይህ ለእርስዎ አይመጥንም። አርባ ዓመት ገንዘብ ያልጠራ አንደበት ዛሬ ማሽላ ሲሰፍር አንስማ። የስድስቱንም እኔ እችላለሁ። በየወሩ አንድ ጭነት አስጭኜ እልካለሁ። እርስዎም ስምዎ ይጠበቃል፣ የተቸገረም አይከፍልም።»

ቅን ሰው ነበሩ፤ ከልባቸው ነው የተናገሩት። ጭነቱም ለሁለት ሽማግሎች ከበቂ በላይ ነው። ከሼሁ የሚጠበቀው «አላህ ይቀበልዎ» ብሎ መቀመጥ ብቻ ነበር።

«ሐጂ፣ ንያዎን አላህ ይውደድልዎ» አሉ ሼሁ። «ግን ጭነቱን ከተቀበልኩ እነዚህ የእርስዎ እንግዶች እንጂ የእኔ ተማሪዎች አይሆኑም። ስሜን በተመለከተ ደግሞ ልንገርዎ። አርባ ዓመት ዋጋ ያልጠራሁት ለአላህ ብዬ ይመስለኝ ነበር። ለካ መወደሱ ጥሞኝ ኖሯል። እኔ ስወደስ ድሀው ስንት እንደሚበቃ ሳያውቅ እያፈረ ይመለስ ነበር። ስንት ሰው የተበታተነ ሙስሐፉን ይዞ ደጄን አልፎ እንደሄደ አላህ ነው የሚያውቀው። ጭነቱን ወላጅ ላጡ የቲሞች ያድርጉት።»

ሐጂ አደም «ልጄ ሁለት ጣሳውን ያመጣል» ብለው ተቀመጡ።

በሩ አጠገብ የቆመች ሴት ጣቶቿን እያጠፈች ስትቆጥር እመት ሩቂያ ያዩዋታል። በሳምንት የምትፈትለውን፣ ለልጆቿ የሚያስፈልገውን ነው የምትቆጥረው። ቆጥራ ስትጨርስ ቀና አለች።

«ሁለት ይቻለኛል» አለች ዘይነባ።

ሼሁ ያኔ ነው የተቀመጡት።

ጁምዓ ደረሰ። ዘይነባ ማሽላዋን በጨርቅ ይዛ መጥታ «ይስፈሩልኝ» አለች። እመት ሩቂያ ሰፈሩ። አንድ ጣሳ፤ ሁለት ጣሳ። «ሙሉ ነው» አሏት። ዘይነባም ጥግ አልያዘችም፤ ከተማሪዎቹ መሀል ገብታ ጥራዟን አነሳች። ሼሁ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉና በስሟ ዱኣ አደረጉላት፤ ለእሷም ለልጆቿም። ቀጥለው ለሙርሰል፣ ቀጥለው ለአራቱ፣ ለእያንዳንዱ በየስሙ። ዱኣው ሲያልቅ ፊታቸው በእንባ ርሶ ነበር።

ሙርሰል ደንግጦ «ሼሃችን፣ ምን ሆኑ?» አለ።

«አርባ ዓመት ከሰው እጅ በላሁ» አሉ ሼሁ። «ማንን እንደማመሰግን ያወቅሁት ዛሬ ነው።»

ሼህ ሙዘሚል ከዚህ በኋላ ሰባት ዓመት ኖረዋል። ዘይነባም የዚያች ከተማ ጠራዥ ሆና፣ ዓይኗ ሳይደክም በፊት ብዙ ሰው አስተምራለች ይባላል።

እንግዲህ የእኔን ልናገርና ላብቃ። ከዓመታት በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ በክፍያ ዐረብኛ ማስተማር ስጀምር ዋጋ ሲጠይቁኝ «እንደ አቅማችሁ» አልኩ። በተናገርኩት ነገር ኮርቼ ቤቴ ገባሁ። ከተማሪዎቼ አንዱ ጋሪ ነጂ ነበር፤ በጣም ጎበዝ። ሁለት ሳምንት ተምሮ ቀረ። ሰነፈ ብዬ አወራሁበት፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ሼህ ሙዘሚል ዓይናቸው ጠፍቶ ወንዝ ተሻግረው ፈለጓት፤ እኔ ዓይኔ እያየ ቤቱ የት እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም።

ዋጋ መናገር ስግብግብነት የሚመስለን ብዙ ነን። አቅምን ያገናዘበ፣ እውነተኛ፣ ለሁሉም እኩል የተነገረ ዋጋ ግን ለድሀው ቀና ብሎ የሚገባበት በር ነው። አስተማሪውንም ከፋዩን በስሙ እንዲያመሰግን ያደርገዋል። ይህን ታሪክ ላደረሱኝ ሰዎች አላህ ኸይር ጀዛቸውን ይክፈላቸው። አዲሱ ትምህርቴ የፊታችን ሰኞ ይጀምራል፤ ዋጋውን በሩ ላይ ጽፌ ለጥፌዋለሁ። ያን ጋሪ ነጂ የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩልኝ።