የእማማ ጥሩዓለም ወፍራም ፊደል

በዋርካ መገንጠያ ከተማ ያለ ሱቅ ሁሉ ስሙ የሚጻፈው በወፍራም፣ ክብ ክብ ፊደል ነው። ፀጉር ቤቱም፣ ወፍጮ ቤቱም፣ ጎሚስታውም። እንግዳ ሲያየው «የልጆች መጫወቻ መሸጫ ነው እንዴ?» እያለ ይስቃል። ይሳቅ። ታሪኩን ስለማያውቅ አንፈርድበትም።

እንደሚነገረው፣ የጭነት መኪና ወደዚህ አገር መምጣት በጀመረበት ዘመን የሱቆቹን ስም የሚጽፉት አቶ ውብነህ የሚባሉ ሰው ነበሩ። እሳቸው ሲሞቱ ወንድሞቻቸው «ሴት ምን ልታደርግበት ነው» ብለው ማስመሪያውንና ቀጫጭኑን ብሩሽ ወሰዱትና ለሟቹ ሚስት ለእማማ ጥሩዓለም ጥቂት ጣሳ ቀለምና አንድ የግድግዳ ብሩሽ ብቻ ቀረላቸው። ሙያውን ከባላቸው ጎን ቆመው ለምደውታል፤ ሌላ መተዳደሪያ ደግሞ የላቸውም። ታዲያ ምን ያድርጉ? የሻይ ብርጭቆ አንስተው፣ አፉን በቀለም ነክረው ግድግዳው ላይ አተሙና በክቡ ዙሪያ ፊደሉን ሠሩት። «መ» ጉንጩ ሞላ፣ «ለ» እግሩ ወፈረ። ነጋዴው ወደደው፤ ማንበብ የማይችለው ገበያተኛ እንኳ ከሩቅ ይለየው ጀመር ይባላል።

የከተማው ሹም ግራዝማች ደምመላሽ ግን የፊደሉን ዓይን ማየት ጠሉ። «ፊደል እንደ ዘበኛ ቀጥ ብሎ ይቆማል እንጂ እንደ ጠገበ ሕፃን አይንፈራጠጥም፤ መሳቂያ አደረገችን» ብለው ሁሉም በኖራ እንዲጠፋ፣ ሴትዮዋም ሁለተኛ ብሩሽ እንዳትይዝ አዘዙ።

እማማ ጥሩዓለም ኖራው እስኪደርቅ ጠበቁና በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በብርጭቆው ፈንታ ሳህን አትመው እንደገና ጻፉ። ሹሙ አስጠፉት። በሦስተኛው የድስት ክዳን ይዘው ወጡ፤ አንዷ ፊደል ብቻዋን በር አከለች ይላሉ። ያንንም አስጠፉት። በአራተኛው የበርሜል ቀለበት እያንከባለሉ ሲመጡ ሹሙ ራሳቸው ወጥተው መንገድ ላይ ቆሙባቸው።

«አንቺ ሴትዮ፣ እስከ የት ልታወፍሪው ነው?»

«እርስዎ እስኪደክምዎ ድረስ፣ ጌታዬ። ቢተዉት ኖሮ ብርጭቆ ነበር የሚያህለው።»

«አሳስርሻለሁ።»

«ያሳስሩኝ። የእስር ቤቱም ግድግዳ ነጭ ነው።»

ሹሙ ኖራ እንዲመጣ አዘዙ። ኖራ ሻጩ «አልቋል» አለ፤ ጆንያው ከኋላው ተደርድሮ ይታይ ነበር ይባላል። ዞር ቢሉ ባለ ሱቁ ሁሉ የየራሱን ብርጭቆ ይዞ በየደጁ ቆሟል። ማንንስ አስረው ማንን ይተዉ? ግራዝማች ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ፊደል ያነሱት ነገር የለም።

ዛሬም አዲስ ሱቅ የሚከፍት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የብርጭቆ አፍ በቀለም ነክሮ በሩ ላይ ያትማል። ካቻምና የከተማው ማስታወቂያ ሁሉ አንድ ዓይነት ቀጥ ያለ ፊደል እንዲሆን የሚያዝ ወረቀት ከላይ መጥቶ፣ ባለ ሱቆቹ «ተስማምተናል» ብለው እንዲፈርሙ ተጠይቀው ነበር። በየስማቸው ትይዩ የብርጭቆ አፍ እያተሙ መለሱት። ከሁሉ መጨረሻ ስሙ ያለው የዚያ የኖራ ሻጭ የልጅ ልጅ ነው፤ እሱ ያተመው በሳህን ነው።