መስኮቱን የዘጋው ሣጥን

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ አቶ ዘርጋው የሚባሉ አናጢ ነበሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ውድነሽ ታመው ከተኙ ሦስተኛ ወራቸው ነው። ሐኪሙ ከእንግዲህ የሚደረግ ነገር እንደሌለ ነግሯቸዋል። መኝታ ቤታቸው ፀሐይ አያውቅም፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የጠዋት ፀሐይ የሚገባው ከጎን ባለው የአናጢነት ሥራ ቤታቸው፣ በአንዲት መስኮት ብቻ ነው።

«እዚያ መስኮት ሥር አስቀምጠኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» አሉ ወይዘሮ ውድነሽ።

«ይኼማ ምን ችግር አለው» ብለው አቶ ዘርጋው ሄዱ። ለካ ቤቱ ከዓመታት ኮተት የተነሳ መቆሚያ የለውም! ፍቅፋቂና ቁርጥራጩን ሰኞም ማክሰኞም እየጠረጉ አወጡ። መስኮቱ ግን አይከፈትም፤ ቁምሳጥን ተገትሮበታል።

ቁምሳጥኑን ሊገፉት ሞከሩ። አይገፋም፤ ጣውላ ተከምሮበታል። ጣውላው ካልተነሳ ቁምሳጥኑ አይገፋም፤ ቁምሳጥኑ ካልተገፋ መስኮቱ አይከፈትም፤ መስኮቱ ካልተከፈተ ውድነሽ ፀሐይ አይሞቁም።

ጣውላውን ሊያነሱ ጎንበስ አሉ። የት ያድርጉት? ደጁ መኪና የሚያልፍበት አስፋልት ነው፤ ውስጡን ደግሞ ለጥገና የመጡ የሰው ወንበሮች ሞልተውታል። ወንበሮቹ ካልተነሱ ጣውላው አይነሳም፤ ጣውላው ካልተነሳ ቁምሳጥኑ አይገፋም፤ ቁምሳጥኑ ካልተገፋ መስኮቱ አይከፈትም፤ መስኮቱ ካልተከፈተ ውድነሽ ፀሐይ አይሞቁም።

ወንበሮቹን ጥግ ሊደረድሩ ሄዱ። ጥጉ ላይ ሣጥን አለ። ሲያዩት የያዙትን ወንበር መልሰው አስቀመጡ።

ሣጥኑ የልጃቸው የአስናቀ የሥራ ዕቃ ሣጥን ነው። አስናቀ በመኪና አደጋ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት አባቱ «አንተ ዕድሜ ልክህን አናጢ አትሆንም!» ብለውታል። ይህንን ለማንም አልተናገሩም፤ ሣጥኑንም ነክተውት አያውቁም።

ተመልሰው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። «ተይው ውድነሽ። አምስት ቀን ሙሉ ምንም አልሠራሁም። ሣጥኑ ካልተነሳ ወንበሮቹ አይነሱም፤ ወንበሮቹ ካልተነሱ ጣውላው አይነሳም፤ ጣውላው ካልተነሳ ቁምሳጥኑ አይገፋም፤ ቁምሳጥኑ ካልተገፋ መስኮቱ አይከፈትም። ሣጥኑን ደግሞ እኔ አላነሳም።»

«ምንም አልሠራሁም አትበል» አሉ ወይዘሮ ውድነሽ። «እዚህ ተኝቼ ኮቴህን እቆጥራለሁ። ሰኞ ገብተህ አንድ ጊዜ ረግጠህ ቆምክ። ትናንት አራት እርምጃ ሄድክ፤ ዛሬ ስምንት። ሣጥኑ ዘጠነኛው ነው።»

አቶ ዘርጋው ከአልጋው ጫፍ ተነሱ። ሣጥኑን አቅፈው አመጡና አልጋው አጠገብ ከፈቱት። መጋዙም መላጊያውም ዝጓል።

«የዚያን ዕለት ክፉ ነገር ተናግሬዋለሁ» አሉ።

«ነግሮኛል። እያለቀሰ ነው የወጣው።»

«ታዲያ ስድስት ዓመት እንዴት ዝም አልሽ?»

«አንተ እስክትነግረኝ ጠበቅኩ። ቆየህብኝ።»

አቶ ዘርጋው ሣጥኑን ዘጉት። ወጥተው ሥራቸውን ቀጠሉ። ሣጥኑ ተነሳ፤ ወንበሮቹ ጥግ ያዙ፤ ጣውላው በወንበሮቹ ቦታ ገባ፤ ቁምሳጥኑ ተገፋ፤ መስኮቱ ተከፈተ፤ ወይዘሮ ውድነሽም ታቅፈው መጥተው መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀመጡ። ውጪውን ጥቂት አዩና «ወንበሩን አዙርልኝ» አሉ።

«ፀሐይዋ ጀርባሽ ላይ ትሆናለች እኮ።»

«ትሁን። ያጸዳኸውን ልይ።»

አዞሩላቸው። ባዶውን ወለል አብረው ሲያዩ አረፈዱ።

ለአሥራ አንድ ቀን ጠዋት ጠዋት እንዲሁ ተቀመጡ። በአሥራ ሁለተኛው ጠዋት ወንበሩ ባዶ ነበር፤ መስኮቱንም የከፈተ ሰው አልነበረም።