ባዶው አልጋ ለማን ተይዞ ነው?

ቁጭ በሉ ልንገራችሁ፤ አናምንም የምትሉ ቆማችሁ ስሙ። ወይዘሮ ትርንጎ የሳንባ ምች የያዛትን ልጇን ሽታዬን ይዛ ሆስፒታል መጣች። ሽታዬ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተጋድማ አየር አጥሯታል፤ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣትም። በመስኮቱ ግን ኦክስጅን ያለው አልጋ ባዶውን ይታያል። ትርንጎ የፈለገችው ያንን አልጋ ብቻ ነው።

"ለባለሥልጣን ዘመድ አስቀምጠውት ነው" አለች በሆዷ። እኔም ብሆን እንደዚያ እል ነበር።

ነርሷን ከጓሮ አገኘቻት፤ እጇን በረኪና ውስጥ ነክራለች።

"ሲስተር፣ አልጋውን ለማን ደበቃችሁት?"

"ለማንም እማማ! ነርስ ከሌለ አልጋ አይሰጥም። እኔ አንሶላ እያጠብኩ ነው፤ አጣቢዋ በር ላይ ናት።"

ትርንጎ አላመነችም፤ ወደ በሩ ሄደች። አጣቢዋ የዘበኛ ካፖርት ለብሳ ሰው ትፈትሻለች።

"አልጋው ነርስ አጣ፤ ነርሷ አንሶላ ታጥባለች፤ አንቺ በር ትጠብቂያለሽ። ምን ተማክራችሁ ነው?"

"ምን እንማከራለን እትዬ! ዘበኛው አምቡላንስ እየነዳ ነው።"

ዘበኛው አምቡላንሱን ሊያቆም ሦስቴ ወደፊት፣ ሦስቴ ወደኋላ ይላል።

"አልጋው ነርስ አጣ፤ ነርሷ አንሶላ ታጥባለች፤ አጣቢዋ በር ትጠብቃለች፤ አንተ መኪና ትነዳለህ። ለመሆኑ መንጃ ፈቃድ አለህ?"

ዘበኛው ጥያቄውን አልወደደውም። "ሹፌሩ ጄኔሬተር ጋ ነው፤ እሱን ይጠይቁ" አላት።

መብራት ጠፍቷል፤ ሹፌሩ ጄኔሬተሩ ሥር ላቡን ያፈሳል።

"አልጋው ነርስ አጣ፤ ነርሷ አንሶላ ታጥባለች፤ አጣቢዋ በር ትጠብቃለች፤ ዘበኛው መኪና ይነዳል፤ አንተ ሞተር ታስነሳለህ። መካኒኩስ የት ገባ?"

"ስብሰባ።"

"ይኸው! ሚስጥሩ እዚያ ነው" ብላ የስብሰባ አዳራሹን በር በረገደችው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ጥላዬ ስለ ሠራተኛ እጥረት ያብራራሉ። መካኒኩ ከኋላ ያንቀላፋል።

"አልጋው ነርስ አጣ፤ ነርሷ አንሶላ ታጥባለች፤ አጣቢዋ በር ትጠብቃለች፤ ዘበኛው መኪና ይነዳል፤ ሹፌሩ ሞተር ያስነሳል፤ መካኒኩ እዚህ ይተኛል! ልጄ እየሞተችብኝ ነው!"

"እማማ፣ ፎቶ እንነሳለን፤ ወንበር ባዶ ከሆነ ያሳፍረናል" አሉ አቶ ጥላዬ።

"እኔ እቀመጥበታለሁ። ተነስ አንተ!"

"እርስዎ እኮ ሠራተኛ አይደሉም።"

"እዚህ ቤት በገዛ ሥራው ላይ ያለ አንድ ሰው አሳዩኝና እወጣለሁ።"

መካኒኩ ተነሳ። ትርንጎ ተቀመጠች።

መካኒኩ ወደ ሞተሩ ሮጠ፤ ሹፌሩ ወደ መኪናው፤ ዘበኛው ወደ በሩ፤ አጣቢዋ ወደ አንሶላዋ። ነርሷ እጇን አድርቃ ሽታዬን አልጋው ላይ አስተኛቻት፤ ኦክስጅኑንም ከፈተችላት። ደረቷ ቀስ በቀስ ረጋ።

"አስታማሚሽ የት ሄዱ?" አለች ነርሷ ዙሪያዋን እያየች።

የእናቷን ጩኸት ከአዳራሹ ስትሰማ የቆየችው ሽታዬ ዓይኗን ገለጠች።

"ስብሰባ ላይ ናት" አለች።