አልሻገርም ያለችው አህያ

ተረቴ ረጅም ጭራ አለው፤ አንዱን ስትይዙት ሌላው ይመጣል። እስኪያልቅ ያዙልኝ።

ደሴ ውስጥ አቶ ልሳነወርቅ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የኮምፒውተር መምህር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ልጃቸው እማዋይሽ ሕፃን ሳለች፣ አህያ ወንዝ የምትሻገርበት ጨዋታ በኮድ ጽፈውላት ነበር። እማዋይሽ አድጋ፣ አግብታ ሐዋሳ ገባች፤ ቤዛንም ወለደች። ቤዛ ባለፈው ክረምት መጥታ የድሮውን ጨዋታ ከፍታ አየችና፣ «አባባ፣ ይሄ ሁሉ ጽሑፍ ምንድን ነው? እኛ ትምህርት ቤት እኮ ትእዛዞቹን እንደ መጫወቻ በብሎክ እየገጣጠምን ነው የምንሠራው። አህያዋን በብሎክ አሻግርልኝ» አለቻቸው።

«አንቺ ብቻ እዘዢ!» አሉ አያት።

ከዚያ ፋሲካ መጣ። እማዋይሽ «ሥራ በዝቶብኛል፣ አልመጣም» ስትል «እንግዲያው እዚያው ቅሪ!» ብለው ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጉት። ተኮራረፉ። ደውሎ ይቅርታ የሚጠይቅ ታናሽ ነው ብለው ይጠብቃሉ። ስልኩ ዝም፣ ቤቱም ዝም።

ለልጅ የተገባ ቃል ግን አይቀርም፤ ጨዋታውን ወደ ብሎክ ማዞር ጀመሩ። በድሮው ኮድ ሁሉም አንድ ገጽ ላይ ይኖሩ ነበር፤ አንዱ መስመር ሌላውን እየጠራ ይወርዳል። በብሎክ ግን አህያዋም፣ ድልድዩም፣ ወንዙም፣ ዝናቡም፣ አውራ ዶሮውም የየራሳቸው ገጽ አላቸው፤ መልእክት ካልደረሳቸው ንቅንቅ አይሉም። አቶ ልሳነወርቅ ብሎኮቹን በየገጹ ገጣጥመው ጨረሱና ጨዋታውን የምታስጀምረውን አረንጓዴ ባንዲራ ነኩ። አህያዋ ቆማ ቀረች።

«ምነው አትሻገሪም?» አሏት።

«ድልድዩ ካልተዘረጋ አልሻገርም» አለች። ኮምፒውተር መቼ ይናገራል ትሉኝ ይሆናል፤ ብቻውን ለሚውል ሰው የማይናገር ነገር የለም።

ወደ ድልድዩ ገጽ ሄዱ። «ተዘርጋ እንጂ!» ቢሉት «ወንዙ ካልጎደለ አልዘረጋም» አለ። ወንዙ አልጎድል አለ፣ ድልድዩ አልዘረጋ አለ፣ አህያዋ አልሻገር አለች። የአቶ ልሳነወርቅ ምሳ ቀዘቀዘ።

ወንዙን «ጉደል እንጂ!» ቢሉት «ዝናቡ ካላባራ አልጎድልም» አለ። ዝናቡ አላባራ አለ፣ ወንዙ አልጎድል አለ፣ ድልድዩ አልዘረጋ አለ፣ አህያዋ አልሻገር አለች። ዞር ብለው «አያችሁልኝ ይሄን ጉድ?» ሊሉ ነበር፤ ከኋላቸው ግን ባዶ ወንበር ነው ያለው።

ዝናቡን «አባራ እንጂ!» ቢሉት «አውራ ዶሮው ካልጮኸ አላባራም፤ ሳይነጋ ወዴት ልሂድ?» አለ። ዶሮው አልጮህ አለ፣ ዝናቡ አላባራ አለ፣ ወንዙ አልጎድል አለ፣ ድልድዩ አልዘረጋ አለ፣ አህያዋ አልሻገር አለች።

«ስንቱን ልለምን!» ብለው ወደ ዶሮው ገጽ ሄዱ። ዶሮውማ «ሰላምታ ካልደረሰኝ አልጮህም» አለ። ያን ጊዜ ደነገጡ። የድሮው ኮድ መጀመሪያ መስመር «እንደምን አደርሽ፣ እማዋይሽ?» ይል ነበር። ተጫዋቿ «ደኅና አደርኩ» ብላ ስትጽፍ ነው ዶሮው የሚጮኸው። ኮዱን ሲያዞሩ ያቺን መስመር አይተዋታል፤ ግን ስሟን ማንበቡ ስለከበዳቸው ዘለሏት። አሁንም ሊጽፏት ቢሞክሩ፣ ጣታቸው «እሷ ካልደወለች አልጽፍም» አለ።

እማዋይሽ አልደውል አለች፣ ጣታቸው አልጽፍ አለ፣ ሰላምታው አልደርስ አለ፣ ዶሮው አልጮህ አለ፣ ዝናቡ አላባራ አለ፣ ወንዙ አልጎድል አለ፣ ድልድዩ አልዘረጋ አለ፣ አህያዋም አልሻገር አለች።

አህያዋን አዩዋት። ከወንዙ ወዲህ ብቻዋን ቆማለች። «አንቺም እንደኔ እየጠበቅሽ ነው?» አሏት። «ሁላችንም ከጠበቅን ታዲያ ማን ይጀምር?»

ስልኩን አነሡ።

«አባዬ! ምን ሆንክ? አመመህ እንዴ?» አለች እማዋይሽ፣ ድንግጥ ብላ።

«እንደምን አደርሽ፣ እማዋይሽ?» አሉ፤ ቀኑ ግን ወደ ማታ አዘንብሎ ነበር።

እሷም ሳቅና ልቅሶ ተቀላቅሎባት «ደኅና አደርኩ» አለች። «የአህያዋ ጨዋታ! ረስተኸኛል ብዬ እኮ ነበር። እንዳትቆጣኝ ፈርቼ ነው ያልደወልኩት።»

«ቁጣ አልነበረም፣ ልጄ። ብቸኝነት ነው ያናገረኝ።»

አባት ደወሉ፣ ልጅ መለሰች፣ ጣት ጻፈ፣ ሰላምታው ደረሰ፣ ዶሮው ጮኸ፣ ዝናቡ አባራ፣ ወንዙ ጎደለ፣ ድልድዩ ተዘረጋ፣ አህያዋም ኮቴዋን እያሰማች ተሻገረች። ጨዋታውን በኢንተርኔት ሲልኩላት ቤዛ ሐዋሳ ሆና «ተሻገረች! አባባ፣ ተሻገረች!» እያለች ጮኸች። «ከማዶ ግን ምን አለ?»

ከማዶ ምንም አልሣሉም ነበር። «ከማዶማ ቤት አለ» አሉ። «አንድ ሽማግሌ ይኖርበታል።»

«ትምህርት ቤት ሲዘጋ እንመጣለን፣ አባዬ» አለች እማዋይሽ።

ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ እንደ ልማዱ ዝም አለ። በማግስቱ ጠዋት አቶ ልሳነወርቅ የእንግዳውን ፍራሽ አውጥተው ፀሐይ ላይ አሰጡት።

ተረቴ ተሻግሯል፤ ጭራውን አሁን ልቀቁልኝ።